ንብ ጭኖ በባቡር፤ ከቂርቆስ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ

ከቂርቆስ መነሳት

ከቂርቆስ የተነሳነው በጥቅምት፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ተጓዦቹ እኔ፣ አባቴና አንድ ቀፎ ሙሉ ንብ ነበርን። መድረሻችን ቢሾፍቱ፣ አክስቴ ቤት ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «አባባን አየር ላስለውጣቸው ነው» እላለሁ። እውነቱ ግን አባቴን ከጥይት ማሸሼ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቤታችን ከቂርቆስ ማዶ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈር ነበር። ያን ጊዜ ስሙ እንኳ ለአፍ አልተለመደም፤ ጣልያን ለሹማምንቱ ቤት ልሠራበት ነው ብሎ ነዋሪውን ሲያስነሳ ስሙም አብሮ መጣ። ተነሱ ስንባል ያለንን ሸክፈን ቂርቆስ አንዲት ክፍል ተከራየን። አባቴ ከንብ ጋር ያደጉ፣ ከንብ ጋር ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሌላውን ዕቃ ለእኔ ትተው ቀፏቸውን በትከሻቸው ተሸከሙ። መንገዱን ሁሉ «እነዚህ አይቀመጡልንም» ይሉኝ ነበር።

«ምነው አባባ፣ ስንት መንገድ ነው? እዚሁ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ክፋቱ መቅረቡ ነው። ንብ ከምታውቀው አገር ሳትወጣ ቤት አይቀየርላትም። ወጥታ ስትዞር የጥንት መንገዷን ታገኘዋለች፤ ካገኘችው ደግሞ ወደዚያው ነው።»

እንዳሉትም ሆነ። በማግስቱ ቀፎው ሲከፈት ንቦቹ ወጡ፣ አበባቸውን ቀሰሙ፤ ሲመሽ ግን የገቡት ቂርቆስ አልነበረም። ቤታችን ፈርሷል፤ ድሮ ቀፎው የተሰቀለበት ወይራም ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል፤ ሄደው እዚያ ጉቶ ላይ ተከመሩ። አባቴ አመሻሹ ላይ ቅርጫት ይዘው ሄዱ፣ ሰብስበው አመጧቸው። ሲነጋ ንቦቹ ተመለሱ፣ ሲመሽ አባቴ ተከተሉ። እንዲህ ሲመላለሱ ቦታውን የሚጠብቁ ዘበኞች አንድ ቀን አባቴን በሰደፍ ደበደቧቸው። በሌላ ቀን ግንባታውን የሚያሠራው ጣልያን በአስተርጓሚ አስጠራኝና ሽማግሌው እያስቸገረ ከቀጠለ ዘበኞቹ እንደሚተኩሱ፣ ንቦቹንም በእሳት እንደሚጨርሳቸው ነገረኝ።

ለምኜ አየሁ፣ አልቅሼ አየሁ፣ ተቆጥቼም አየሁ፤ አባቴ ወይ ፍንክች። «ንብ እኮ ሌላ ይገዛል አባባ» ብላቸው «ንቡማ ይገዛል» ብለው ቅርጫታቸውን አነሱ። 

መላውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ንቦቹን ከሚያውቁት አገር አርቆ መውሰድ፣ እዚያ አንድ ሁለት ወር ማቆየት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቂርቆስ ቢመልሷቸው እንደ አዲስ አገር ቆጥረው ይቀመጣሉ አሉኝ። ይህን ስሰማ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ንቦቹ ከሄዱ አባቴም ይከተላሉ፤ አገር ሲለውጡ እግራቸው ያንን መንገድ ይተወዋል ብዬ አሰብኩ። ለሰው ባልናገረውም የጉዞው ዓላማ ይኸው ነበር፤ አባቴ ቤታችንን እንዲረሱልኝ።

ለገሃር

ንብ ለመንገድ የሚዘጋው ሁሉም ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ የዋዜማው ዕለት አመሻሽ ላይ አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ከጉቶው ሰብስበው አመጧቸው። እኔ ከግንባታው አጥር ውጭ ቆሜ ዘበኞቹን እያየሁ ጠበቅኋቸው። ቤት እንደደረስን የቀፎውን አፍ በሣር ወተፉት፣ አየር እንዲያስገባ በስስ ሻሽ አሰሩት። ጠዋት በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ደረታቸው ላይ ይዘውት ቁልቁል ወደ ለገሃር ወረድን።

ለገሃር ሸኚና ተሸኚ ተደባልቋል። ጣልያኖቹ በአንድ በር፣ እኛ በሌላ በር ነው የምንገባው። የይለፍ ወረቀቱን ለማግኘት ስንት ቀን ደጅ እንደጠናሁ ባልናገር ይሻላል፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ለመንገድ ሁለት ፉርኖ ዳቦ በአንድ ሊሬ ገዛሁ። ዳቦዋ ጡጫዬን አታክልም። ሻጯን «ኧረ ትንሽ እንኳ አይከብድሽም?» ብላት «ዱቄቱን ያስወደድኩት እኔ ነኝ?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

መግቢያው ላይ አንድ አስካሪ አስቆመን። የጣልያንን ልብስ ይልበስ እንጂ አገሩ መረብ ማዶ ነው፤ አማርኛው የትግርኛ ቃና አለው።

«አባት፣ ይሄ የታቀፉት ምንድን ነው?»

«ቤተሰብ ነው» አሉ አባቴ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ቀልቤ ተገፈፈ። «ማር ነው ወንድሜ፣ ለታመመች አክስቴ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ጋቢው ላይ ለጠፈ። ሰልፉ ከኋላችን ይገፋፋል፣ ያጉረመርማል፤ እሱ ጆሮውን አላነሳም። አበቃልን ብዬ ነበር።

«አባቴም አላቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ካየኋቸው ቆየሁ።» ከዚያ ቀና አለና ፊቱን ኮሶ የጠጣ አስመሰለው። «መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ ሙቀት ከያዛቸው ያልቃሉ። እለፉ።»

ስለዚያ ልጅ ምን ማሰብ እንዳለብኝ እስካሁን አላውቅም። የጠላት ወታደር ነው፤ አባቱ ደግሞ ናፍቀውታል።

አቃቂ

ሦስተኛ ማዕረግ ማለት የእንጨት አግዳሚ፣ የቆርቆሮ ጣራና መስታወት የሌለው መስኮት ነው። ባቡሩ ሲነቃነቅ ቂርቆስ በግራችን ቀረች፤ አባቴ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ተመለከቱ። ባሕር ዛፉ እስኪጋርዳቸው አልተመለሱም። ከተማው ሲያልቅ ሜዳው ሁሉ ጤፍና ሽምብራ ሆነ፤ በየድንበሩ የቀረችው አደይ አበባ ጠውልጋለች። እንደዚያ ዓይነት ሰፊ ሜዳ ካየሁ ቆይቼ ነበር። እናቴ ብትኖር ይሄኔ ያለፍንበትን መንደር ሁሉ ስም እየጠራች ታደክመኝ ነበር።

ከእግራችን ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አይቋረጥም። ከፊታችን የተቀመጠ ሐሰን የሚባል የድሬዳዋ ሰው ነበር፤ ሐዲድ ጠጋኝ ነው፣ ረጅም መፍቻውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። አቃቂ ላይ ባቡሩ ውሃ ሊሞላ ሲቆም ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣ ይሄ የሚንቀጫቀጨው ሐዲዱ ተሰብሮ ነው እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነው እህቴ። በአንዱ ብረትና በሌላው መሐል ክፍተት እንተዋለን። መንኮራኩሩ እሱን ሲረግጥ ነው የሚጮኸው።»

«ታዲያ ለምን አትገጥሙትም?»

«ፀሐይ ሲመታው ብረቱ ይረዝማላ። መፈናፈኛ ካጣ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ባቡሩን ይጥላል። ክፍተት ከተውሽለት ግን ቀን ይረዝማል፣ ሲበርድ ወደ ልኩ ይመለሳል።»

አባቴ ከመስኮቱ ዞር አሉ። «የተጣመመውስ? ሲበርድ ይቃናል?»

«አይ አባባ። እሱ አንዴ ካለፈ አለፈ። አውጥተን በሌላ እንቀይረዋለን።»

«ብረትም ይጨንቀዋል ለካ» አሉ አባቴ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ እየዞሩ።

ሐሰን ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጀርባቸውን እያየሁ፣ እሳቸውስ የትኛው ናቸው እያልኩ ነበር። የሚመለሱት ናቸው ወይስ ያለፉት?

ዱከም

ዱከም ስንደርስ ቆምን። የጦር ባቡር ከታች እየመጣ ስለሆነ እስኪያልፍ ጥግ ያዙ ተባልን። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፤ የፉርጎው ጣራ ይፋጃል። ባቡር ሲሄድ የነበረው ነፋስ ሲቀር ቀፎው ውስጥ ያለው ድምፅ ከፍ እያለ መጣ።

«ክንፋቸውን እያራገቡ ነው። ቤታቸውን ያቀዘቅዛሉ» አሉ አባቴ።

«እስከ ምን ድረስ ይችሉታል?»

«እስከቻሉት። ከዚያ ወዲያ ሰሙ ይልማል፣ ማሩ ይፈስባቸዋል፤ እዚያው ያልቃሉ።»

ይህን ስንል አንዲት ንብ በሻሹ ጫፍ ሾልካ ወጣችና ፉርጎው ተተራመሰ። «ንብ ይዘው ነው እንዴ ከሰው ጋር የገቡት?» የሚል አለ፤ «አውርዷቸው» የሚል አለ፤ አግዳሚ ላይ የወጣም አለ። ሐሰን ተነስቶ «አውርዷቸው ካላችሁ መንገድ ልቀቁላቸው» እያለ አስከፈተልን። ቀፎውን ተቀባብለን አወረድነውና በፉርጎው ጥላ መሬት ላይ አኖርነው። የያዝኩትን የመጠጥ ውሃ ሻሹ ላይ አርከፈከፍኩ። ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ቀዝቅዞላቸው ይሁን እያለቁ ይሁን አናውቅም። አባቴ ጠጠሩ ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ቀፎው ላይ አደረጉ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። «እናትሽ መጨረሻዋ ላይ እንዲህ ነበር የምትተነፍሰው።»

እናቴ ያረፈችው ጣልያን ሳይገባ፣ በዚያው በድሮው ቤታችን ነው። ከቀብሯ ወዲህ አባቴ ስሟን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

«ጉቶው ላይ ስቀመጥ መደቧ የት እንደነበር አውቀዋለሁ» አሉ ጆሯቸውን ሳያነሱ። «ራስጌዋን፣ ግርጌዋን። ንቦቹን ልሰበስብ ነው እልሻለሁ እንጂ ከእሷ ጋር ነው የማመሸው።»

 እኔ ስሟን የማላነሳው እሳቸውን እንዳይከፋቸው ነበር። እሳቸውም ለካ እኔን እንዳይከፋኝ ነው። በአንዲት ክፍል ውስጥ እየኖርን ሁለታችንም ለየብቻችን ናፍቀናታል። እንባዬ መጣ፤ ሐሰን አይቶኝ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ።

የጦር ባቡሩ እየጮኸ አለፈ። አባቴ ቀና አሉ። «አሉ» አሉኝ፤ «ደክመዋል እንጂ አሉ።»

ቢሾፍቱ

አክስቴ አስካለ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ቤቷ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። ቀፎውን አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ከእነዚህ ጋር ነህ?» አለቻቸው፤ ወዲያው ግን ከጓሮዋ ጥላ ያለውን ቦታ መረጠችለት። አፉ ሲከፈት መጀመሪያ የሞቱት ወደቁ፤ በእፍኝ ይታፈሳሉ። ቀጥለው ሕያዋኑ ወጡ። ወዲያው አልበረሩም። ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው እየተወዛወዙ ተንሳፈፉ፤ ከዚያ ክቡን እያሰፉ፣ እያሰፉ ሄዱ። ቤታቸውን እያጠኑ ነው አሉኝ አባቴ። ሲመሽ ሁሉም ወደ አክስቴ ጓሮ ገቡ።

የአባቴ ነገር ግን እንደዚያ አልቀለለኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት እየተነሱ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ። ባቡር አይሳፈሩ፣ ሰው አይቀበሉ፤ ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣበትን እያዩ ይቀመጣሉ። አክስቴ «ተያቸው፣ ይወጣላቸዋል» ትለኛለች። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ዛፍ ተገን አድርጌ እጠብቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ዞር ሳይሉ «ከዛፉ ሥር ጉንዳን አለ፤ ወዲህ ነይና ተቀመጪ» አሉኝ፤ አፈርኩ።

ውሎ አድሮ መንገዳቸው አጠረ። ጣቢያው ቀርቶ የሐይቁን አፋፍ መዞር ያዙ። የአክስቴን የጎመን ክትፎ እንደ ልጅ ድገሙኝ ማለት ጀመሩ። አሮጌ ቀፎ አግኝተው በእበት ለቀለቁት፤ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ስለ ንብ እየተከራከሩ ሲስቁ ከቤት ውስጥ ሰማኋቸው። ያን ሳቅ ስሰማ፣ ይኸው ዳኑልኝ፣ ረሱልኝ ብዬ አመሰገንኩ። እኔ ራሴ ግን ቂርቆስን ናፍቄ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውንም ናፍቄ ነበር፤ ግን ልጅት ዝም በይ እላለሁ ለራሴ።

መልስ

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሽምብራው ፍሬ ሲይዝ፣ በመጣንበት ባቡር ተመለስን። በዚህ ጊዜ ቅዝቃዜው ረድቶን ዱከምን ያለ ጭንቀት አለፍናት። ለገሃር ስንወርድ ያን የመረብ ማዶ ልጅ በዓይኔ ፈለግሁት፤ ሌላ ቆሟል። ቀፎውን ቂርቆስ ግቢያችን ግድግዳ ላይ ሰቅለን በማግስቱ ከፈትነው። ንቦቹ እንደገና ፊታቸውን አዙረው ተንሳፈፉ፣ እንደገና ክባቸውን አሰፉ። አባቴ በርጩማቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ።

እኔ ግን ማመን አቃተኝ። ሊመሻሽ ሲል የታጠበ ልብስ የምትወስድ ሠራተኛ መስዬ፣ ጥቅልል ጨርቅ ተሸክሜ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ። ጉቶው ተነቅሏል። ቢጫ ቀለም የተቀባ ቤት ቆሟል፤ መንገዱ ተደልድሏል፤ አጥሩ ቀጥ ያለ ነው። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ አንዲት ንብ የለችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እግረ መንገዴን በራችን የት ጋ እንደነበር ላይ ብዬ ፈለግሁና አጣሁት። ከቢጫው ቤት ወዲህ ነው? ከመንገዱ ወዲያ ነው? ተወልጄ ያደግሁበት ቤት ነው፤ ስንቴ ወጥቼ ገብቼበታለሁ፤ አጣሁት። የእናቴ መደብማ ጭራሽ። ዘበኛው «ምን ትፈልጊያለሽ?» እስኪለኝ ደርቄ ቆምኩ። ከዚያ ቁልቁል እየሮጥኩ ተመለስኩ።

አባቴ ከበርጩማቸው አልተነሱም። ንቦቹ እየገቡ ነው።

«አንድም ንብ እዚያ የለም አባባ» አልኳቸው እያለከለክሁ። «ረስተውታል።»

«ንብ አትረሳም» አሉ። «የንብ ዕድሜ ሳምንታት ነው። ያንን ቤት የሚያውቁት ቢሾፍቱ አልቀዋል። እነዚህ እዚያ የተወለዱ ናቸው፤ ጉቶውን አይተውት አያውቁም።»

ቁጭ አልኩ። ይህን ከመነሳታችን በፊት ያውቁት ኖሯል። እኔ አባቴን ይዤ የሄድኩት ያው ነገር እንዲደርስባቸው ነበር ማለት ነው፤ እንዲረሱ ስመኝ ሳላውቅ ሞታቸውን ነው የተመኘሁት።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔማ አለሁ» አሉ ዓይናቸውን ከቀፎው ሳያነሱ። «ነገ ጠዋትም እግሬ ይነሳል። ከነገ ወዲያም። ልሄድ ስል ግን አንቺ ዛፍ ሥር ቆመሽ የጠበቅሽኝ ትዝ ይለኛል። አልሄድም። አልረሳሁም፤ ላንቺ ብዬ ነው የምቀረው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን ይርሱት ብዬ ለምኜ አላውቅም። ሰው ከደረሰበት የሚያገግመው በመርሳት ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር እንደዚያ አለመሆኑን ነው። ያንን ቤት የሚያውቅ ከአባቴ በቀር በዓለም ላይ ማንም እንዳልቀረም ያወቅሁት ያን ምሽት ነው። ጥቅልል ጨርቄን አስቀምጬ እግራቸው ሥር ተጠጋሁ።

«አባባ፣ ሄጄ ቤታችንን አጣሁት» አልኳቸው። «የት ጋ ምን እንደነበር ጠፋኝ። ይንገሩኝ።»

 አባቴ በርጩማቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

«ከበሩ ልጀምርልሽ» አሉ።